የጋሼ ምላስ

ይህን ታሪክ የማወራው እኔ ነኝና «ግማሹን አትመኑ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ሠፈሩ የሚያውቀኝ በዚያ ነው። ስሜ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረልኝ «ቀደዳው» የሚለው ቅጽል ብቻ ነው። ቢራ ጋን ውስጥ ወድቄ ሦስት ቀን ሙሉ ስዋኝ፣ ምሳና ራቴ በገመድ ይወርድልኝ እንደነበር ለአንድ የጎማ ነጋዴ ነግሬው ሰውየው ዕንባ አውጥቷል። ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማርኩትም በጣም ስለወደድኩት ነው እላለሁ። የዛሬዋ ቀደዳ ግን ከሁሉም ታንሳለች። ሁለት ቃል ናት። ቤት ያፈረሰችውም እሷው ናት።

የምሠራው ቢራ እዚያው ጠምቆ እዚያው ከሚሸጥ ቤት ነው። ፊት ለፊት ጠጪ የሚቀመጥበት አዳራሽ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ሁለት የመዳብ ጋኖች፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ የእኔ ግዛት፣ ማጠቢያ ክፍል። በርሜል አጥባለሁ፣ ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ትርፍ ጊዜ ሲኖረኝ የሰው ጭንቅላት አጥባለሁ።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። አርባ ዓመት የጠመቁ ሰው ናቸው። ቤቱን ያቆሙት በአንድ ደንብ ነው። አዲስ ቢራ ሲደርስ፣ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ሠራተኛው በሙሉ ረዥሙን ጠረጴዛ ከቦ ይቆማል። ጋሼ ይቀምሳሉ። ብርጭቆውን እንደቆመ ካስቀመጡት ቢራው ለእንግዳ ይቀርባል። ከደፉት ግን ያ ሁሉ የወራት ልፋት ያኑ ዕለት ወደ ቱቦ ይፈስሳል። ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም።

አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ በጨረር አከሟቸው። ድምፃቸው ተመለሰ፤ ጣዕም ግን እንደወጣ ቀረ። ስኳርና አመድ አንድ ሆነባቸው። ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እሳቸውና እኔ።

እኔ እንዴት ገባሁበት? የበርሜል ጭላጭ ስጨልጥ እጅ ከፍንጅ ያዙኝ።

«የትኛው ነው እሱ?» አሉኝ።

«የረቡዕ ነው፣ ጋሼ። ብቅሉ ትንሽ አርሯል። ምግብ አብሳይዋም ሽንኩርት በከተፈችበት እጇ ነክታዋለች።»

ሄደው አጣሩ። አንዱም ቀደዳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከፍርዱ በፊት ባለው ቀን ማጠቢያ ክፍል እየገቡ፣ አንድ ሰማያዊ ባልዲ ገልብጠው ይቀመጡበታል። እኔ እቀምሳለሁ፤ የቀመስኩትን እነግራቸዋለሁ፤ በማግስቱ ብርጭቆው በኔ ቃል ይቆማል ወይ ይደፋል።

«ስማ አንተ ቀደዳ» አሉኝ የመጀመሪያው ዕለት። «ለዓለሙ ሁሉ ዋሽ፤ ጉዳዬ አይደለም። እዚህ ባልዲ ላይ ስቀመጥ ግን ምላሴ ነህ። ከገዛ ምላሴ ውሸት መስማት አልፈልግም።»

«ጋሼ ይሙቱ፣ አልዋሽም!»

«እኔማ መሞቴ አይቀርም፤ በሌላ ማል» ብለው ሳቁ።

«ልጅዎ ትሙት» ልል ከንፈሬ ላይ ደረሰና መልሼ ዋጥኩት። ጋሼ ሳቃቸውን አቁመው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። ሰው ማን እንዳይሞትበት እንደሚሳሳ የሚታወቀው በእሱ መማል ሲያቅተው ነው መሰለኝ፣ ያን ዕለት ነቁብኝ።

* * *

ልጃቸውን «ጠማቂዋ» ነው የምንላት። ሁለት ዓመት ውጭ አገር ጠመቃ ተምራ፣ አባቷ ሲታመሙ የተመለሰች ናት። ጸጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ትወጋዋለች፤ እርሳሱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች። እኔ አፌ «እርስዎ» ይላታል፣ ልቤ «አንቺ»።

«አንቺ በለኝ እንጂ ሰውዬ፣ አያት አደረግኸኝ እኮ!» ትለኛለች።

«አፌ ገና ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እመቤቴ» እላታለሁ።

ከየፍርዱ በኋላ ጋሼ ለብቻዋ ጠርተው ቢራው ምን ምን እንደሚል ይነግሯታል። ቃሉ የእኔ ነው። «ከደጅ ብርድ ይዞ እንደገባ ሰው ነው፤ ቁጭ ሲል እየሞቀ ይሄዳል።» ወይም፣ «መጨረሻው ላይ ይመርራል፤ ግን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመርረው።» እሷ መስተዋቱ ጀርባ ትቀመጥና በጠመቃ ደብተሯ ትጽፈዋለች። አንዳንዴ ጽፋ ስትጨርስ ደብተሩን ደረቷ ላይ ታደርገዋለች። እኔ በርሜል እያገላበጥኩ አያለሁ። የፍቅር ደብዳቤዬን በአባቷ አፍ ልኬ፣ በገዛ እጇ ሲገለበጥልኝ ቆሜ የማይ ሰው ነበርኩ። ከዚህ የበለጠ ዕድል ከየት ይመጣል ብዬ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሌላ አልጠየቅኩም።

ከዚያ የራሷን ቢራ ጠመቀች። እስከዚያ ድረስ የጠመቀችው የአባቷን ነበር። ይሄኛው በቤልጂጎች ወግ የሚጠመቅ ብርቱ ቢራ ነው፤ ጥቁር ቀይ፣ በጥንካሬው «አራት እጥፍ» የሚሉት ዓይነት። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ጥቂት ስኳርና እርሾ ተጨምሮለት፣ በቡሽ ታሽጎ፣ ምድር ቤት በጨለማ ለወራት ይተኛል። ሦስት መቶ ሠላሳ ጠርሙስ፣ አምስት ወር።

ጋሼ በሠራተኛው ፊት አሏት፦ «ብርጭቆው ከቆመ ቤቱ ያንቺ ነው። ከተደፋ ግን ውጭ አገር የሚጠብቅሽ ሥራ አለ፣ ሂጂ። እኔን እያስታመምሽ ዕድሜሽን አትጨርሺ።» የውጭዎቹ የላኩላት የጥሪ ደብዳቤ ከሽርጧ ኪስ ጫፉ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። እሷ ብርጭቆው እንዲቆም ነበር የምትፈልገው። አባቷ ቀምሰው «ጠማቂ ነሽ» እንዲሏት። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

* * *

ከፍርዱ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ባልዲው ላይ ተቀመጡ። በሽታው ተመልሶባቸው በጣም ከስተዋል። ኮታቸው ሌላ ሰው የሰቀለባቸው ይመስላል።

ቡሹን ሳብኩት፣ ዷ! አለ። አረፋው እንደ ወተት ወፍራም ነው። አሸተትኩት፣ ዘቢብ። ጎንጨት አልኩ። የተቃጠለ ስኳር፣ ቅርንፉድ፣ ለመብሰል አንድ ቀን የቀረው ሙዝ። ቀስ ብሎ ደረቴ ውስጥ ወረደና እዚያ እሳት አንድዶ ተቀመጠ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አልቀመስኩም። ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

ያኔ ከኋላ መጣ። የቁስል ፕላስተር። የሐኪም ቤት ኮሪደር።

ወዲያው አወቅኩት። በረኪና ነው።

ከአምስት ወር በፊት፣ ጠርሙስ በምንሞላበት ዕለት፣ የጠርሙስ ማጠቢያው መድኃኒት አለቀብኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት ሄጄ ማምጣት ነበረብኝ፤ ደርሶ መልስ ሩብ ሰዓት ነው። ጠማቂዋ ግን ያን ዕለት ማጠቢያ ክፍሌ በር ላይ ቁጭ ብላ ጋን ውስጥ የዋኘሁበትን ታሪክ እየሰማች ነበር። ምሳዬ በገመድ የምትወርድበት ላይ ደርሻለሁ። ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እርሳሱ ከጸጉሯ ወድቋል። ከዚያ በፊት እንዲያ ስትስቅልኝ አላየሁም። ተነስቼ ብሄድ ሳቁ ያልቃል። ሽንት ቤት የምናጥብበትን በረኪና በዚያው ሰማያዊ ባልዲ በጠበጥኩና ጠርሙሶቹን ነከርኳቸው። አንዴ ለቅለቅ አድርጌ አወጣኋቸው። ታሪኩ አልተቋረጠም።

«እህ?» አሉ ጋሼ።

እውነቱን ብናገር ብርጭቆው ይደፋል። ልጅቷ ትሄዳለች። ለምን ተበላሸ ተብሎ ሲጣራ ደግሞ ጣቱ ወደኔ ይዞራል። ዝም ብል ምን ይሆናል? እንግዳ ይጠጣዋል፣ ይተፋዋል፤ ያ ግን ነገ ነው። ነገን የማይፈራ ሰው እኔ ነኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ይኸው ነው? አንተ? ለአንድ ጭላጭ ግማሽ ሰዓት የምትለፈልፈው?»

«ቃል አጣሁለት፣ ጋሼ።»

ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። «አንተ ቃል ካጣህለትማ...» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ ያለ ከዘራ ሊነሱ ሞከሩ። ደግፌ አነሳኋቸው። የክንዳቸው ቅለት እስከዛሬ እጄ ላይ አለ።

* * *

በአራት ሰዓት ሁላችንም ጠረጴዛውን ከበብን። ምግብ አብሳይዋ አዲስ ሻርፕ አድርጋለች። ጠማቂዋ በእጆቿ የሽርጧን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች።

ጋሼ እንደ ሌላው ጊዜ ጎንጨት አላሉም። ጨርሰው ጠጡት። ብርጭቆውን አዩት። አቆሙት።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ምግብ አብሳይዋ «አልኳችሁ! አልኳችሁ!» እያለች አጠገቧ ያገኘችውን ሁሉ ትስማለች፤ እኔንም በስህተት ሳመችኝ። ጠማቂዋ እየሳቀች እያለቀሰች ለራሷ ቀዳች። አባቷን እያየች አነሳችው። ጠጣች።

ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ሞተ።

ብርጭቆዋን ወደ ብርሃኑ አነሳች፣ አሸተተችው፣ ደግማ ቀመሰች። «አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እስቲ ደግመህ ቅመሰው።»

ደግማ ቀዳችላቸው፤ ቀመሱ። «ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው ግን በብርጭቆው አናት ላይ ተሻግሮ እኔን ፈለገኝ። ምላሳቸው ወለሉን እያየ ነበር።

«ስድስት ዓመቴ ሳለሁ የጋገርኩልህን ኬክ ቀምሰህ "አይበላም" ብለህ የጣልክ ሰው ነህ እኮ» አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ሳምንት አልቅሻለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ "ጥሩ ነው" ያልከኝን ሁሉ አምኛለሁ። ያቺን ቃልህን ይዤ ነው የኖርኩት። አሁን አዘንክልኝ አይደል? ልትሞት ስለሆነ አባበልከኝ።»

ጋሼ አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። «ምላሴ ሞቷል፤ የቀመሰው እሱ ነው» ቢሉ አለቀ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አሳልፈው ሊሰጡኝ ይችሉ ነበር።

«ለእኔ ጥሩ ነው» አሉ።

ብርጭቆዋን ሳትደፋው፣ ሳታቆመውም፣ እጇ ላይ እንዳለ ይዛው ወጣች።

* * *

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ከአልጋ አልወረዱም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አስጠሩኝ። ክፍላቸው ከአዳራሹ በላይ ነው፤ ከታች የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። በሩ ሥር አንድ ሳህን ሾርባ ተቀምጧል፤ ቀዝቅዟል።

«ባልዲው እዚህ አለ ብለህ አስብ» አሉኝ። «ምን ነበረው?»

«በረኪና፣ ጋሼ።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ነው። «በረኪና! አርባ ዓመት ጠምቄ፣ በሰው ፊት በረኪና ጨልጬ አቆምኩ!» ሳሉ፤ ሳሉ፤ ውሃ አቀበልኳቸው። ሲረጋጉ፣ «ለምን?» አሉ።

«እየሳቀች ነበር» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ይኸውልህ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ሾርባውን በር ላይ አስቀምጣ ነው የምትሄደው፤ አትገባም። እኔ ብነግራት አንተን ዛሬውኑ ታባርርሃለች። ራስህ ከነገርካት ግን ምናልባት ሰው ነው ትልህ ይሆናል። ስለዚህ አንተ ንገራት። ግን ዛሬ። ሰማኸኝ? ዛሬ። ሾርባውን ይዛ እንድትገባ እፈልጋለሁ።»

«እሺ ጋሼ። ዛሬ።»

ወረድኩ። ጠማቂዋ ብቅል እየመዘነች ነበር። ዓይኗ አብጧል። «ምንድነው?» አለችኝ ሳትዞር።

አፌን ከፈትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእሷ ፊት እውነት ይዤ ቆምኩ፤ ምላሴም እንደ እንግዳ ነገር አላወቀውም። «እመቤቴ፣ ትላንት በርሜል ውስጥ ሁለት አይጦች ዋልትዝ ሲጨፍሩ አይቼ...»

«ሂድልኝ» አለች።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ፣ ፊቷ ሲፈታ።

በማግስቱ ጠዋት ሾርባውን ለማስቀመጥ የወጣችው እሷ ነበረች። ሳህኑ ሲሰበር ማጠቢያ ክፍል ድረስ ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ባልዲው ላይ ቁጭ አልኩ።

* * *

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩ። አምስት ጊዜ ቀደድኩት። ስድስተኛውን በጠመቃ ደብተሯ መሐል ከተትኩት። ባልዲውን፣ ምላሱን፣ በረኪናውን፣ ጋሼ «ዛሬ ንገራት» ማለታቸውን፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ማጋነን የለበትም፤ ሆሄ የሳትኩት ግን ይኖራል።

ደብተሩንም ደብዳቤውንም ይዛ መጣች። ከንፈሯ ነጥቷል።

«አንተ ሰው አይደለህም? በአባቴ ሞት ላይም ትቀድዳለህ? አባቴ ጣዕም አያውቅም ነበር? ለአንተ ነበር የሚያስቀምሰው? ለአንተ?»

«ደብተርዎን ይክፈቱት፣ እመቤቴ» አልኩ። «የመጀመሪያው፣ ከደጅ ብርድ ይዞ እንደገባ ሰው ነው፤ ቁጭ ሲል እየሞቀ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ መጨረሻው ላይ ይመርራል፤ ግን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው...»

ገለጠች። ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል።

«የሚያዝያው፣» አልኩ፣ «እርሳስ ጠፍቶባት ስትፈልግ የምትውል ሴት ይመስላል፤ የምትፈልገው ጸጉሯ ውስጥ አለ፣ ማንም ግን አይነግራትም፤ ፍለጋዋ ያምራልና።»

«አቁም።»

«አባትዎ ይህችን ሲነግሩዎት ስቀዋል መሰለኝ። እኔ ስነግራቸውም ስቀውብኛል።»

«አቁም አልኩህ!»

ደብተሩ ከእጇ ወደቀ። አንድ ዓመት ሙሉ የአባቷ ድምፅ ነው ብላ ደረቷ ላይ ያቀፈችው ሁሉ ፊቷ ላይ ሲፈርስ አየሁ። አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩባት።

«እንግዲህ አልዋሸኝም» አለች። ለእኔ አልነበረም። «እውነት መስሎት ነው ያቆመው። እኔ ግን በር ላይ እያስቀመጥኩለት... ሦስት ቀን... ፊቱን ሳላይ...» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «እሱ ዛሬ ንገራት ብሎህ ነበር። ያን ቀን ብትነግረኝ እገባ ነበር። አንድ ከሰዓት ነበረኝ። አንድ ከሰዓት ወሰድክብኝ።»

እኔ ለሁሉም ነገር ታሪክ ያለኝ ሰው ነኝ። ጎንበስ ብዬ የወደቀውን ደብተር አነሳሁላት።

ሰማያዊውን ባልዲ ስባ ተቀመጠችበት። መደርደሪያው ላይ ከቀረው አንድ ጠርሙስ ቡሹን ሳበች፤ አንድ ብርጭቆ ቀዳች።

«እዚህ ላይ ሲቀመጡ አይዋሽም አይደል? ንገረኝ። ያን ሁሉ ቃል ለምን አልክ?»

«ስለምወድሽ ነው» አልኩ። «አንቺ» ያልኳት ያኔ ነው። ስንት ጊዜ በልቤ ተለማምጄው፣ አፌ ላይ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

አየችኝ። ጥላቻ ቢሆን እችለው ነበር። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ በር ብመጣ ትከፍትልኝ እንደነበር ነው ያየሁት። ብርጭቆውን አነሳች። ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ ዘቢቡን፣ ቅርንፉዱን፣ ፕላስተሩን። ሳትጨማደድ።

«ይሄ እኮ ትልቅ ቢራ ነበር» አለች።

«በሕይወቴ የቀመስኩት ትልቁ» አልኩ። «ይሄ ቀደዳ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ብርጭቆውን ገለበጠችና ማጠቢያዬ ጠርዝ ላይ፣ ፊት ለፊቴ፣ ደፋችው። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ያን ቀን ምድር ቤት የተኙትን ጠርሙሶች ሁሉ አብረን ወደ ቱቦ አፈሰስን፤ እሷ ቡሽ ትስባለች፣ እኔ እደፋለሁ። ማጠቢያ ክፍሉ ዘቢብ ዘቢብ ሸተተ። በማግስቱ የጥሪ ደብዳቤዋን ይዛ ሄደች፤ ቤቱም ተዘጋ። እኔ ጠባቂ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ምግብ አብሳይዋ አንዳንዴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። «ቀደዳው፣ እስቲ አንድ አውራኝ፣ ሆዴ ባር ባር ብሎኛል» ትለኛለች። እሞክራለሁ። ገመዱ ይወርዳል፣ ምሳው ግን አይደርስም። ብርጭቆዋ ግን እዚያው ጠርዙ ላይ እንደተደፋች አለች። ስንት ሺህ ብርጭቆ አጥቤያለሁ፤ እሷን ላነሳት እጄን እዘረጋና፣ ሥሯ የቀረችው ያቺ ጥቁር ቀይ የቢራ ቀለበት እንዳትጠፋብኝ እፈራለሁ።